የአባባ ኤንትሬ

ዛሬ ስለ ማዳም ሳይሆን ስለ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነው የምጽፍላችሁ። ታሪኩ ግን የኛም ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ኮምቦልቻ እኛ ግቢ ውስጥ ጎማ የሌለው ኤንትሬ ቆሟል። ዶሮ ነው የሚያድርበት። ባለፈው ወንድሜ "ለብረት ገዢ ልንሸጠው ነው" ሲለኝ አያቴ እምዬ ጋ በኢሞ ደውዬ ታሪኩን ጠየኳት።

ኤንትሬ ማለት ፊያት 682 ኤን 3 ነው፣ "ትሬ" በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። ፊያት 682ን መሥራት የጀመረው በፈረንጅ 1952 ነው። ሹፌሮቻችን የሚሏቸው ጎማ፣ ጋቢና፣ ካምቢዮ፣ ፍሬንም ከጣሊያን የመጡ ቃላት ናቸው። አዲስ አበባ ሲሄድ የሚያልፍበትን የጣርማበር ዋሻም የሠራው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ጊዜ።

አባባ መኪናውን ያገለገለ ነው የገዛው፣ በ1964። ከአሰብ ጭኖ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ፣ ደሴ ያራግፋል። በ1977 ድርቅ ጊዜ የእርዳታ እህል አመላልሷል። እህሉ ከተራገፈ በኋላ ልጆች የቀረውን ጥሬ ሊለቅሙ መኪናው ላይ ይወጡ ነበር አለችኝ እምዬ። በ1990 ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ የወደቡ ሥራም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ኤንትሬው ከዛ በኋላ እዛው አካባቢ አሸዋና ድንጋይ ሲያመላልስ ቆይቶ አባባ ሲሞት ቆመ።

"በምን ብር ነው የገዛው?" አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። "ግማሹ የኔ ነው" አለችኝ። የጥሎሿን ወርቅ ሸጣ፣ ጠላ ሸጣ ያጠራቀመችውንም ጨምራበት ነው። ወንድሜ ሊብሬውን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ ያለው የአባባ ስም ብቻ ነው። አባባ ሲሞት ወንድሞቹ "የወንድማችን ንብረት ነው" ብለው መጡ። በሽማግሌ ታይቶ፣ እምዬ ብር ከፍላቸው ነው መኪናውን ያስቀረችው።

"አንዱን መኪና ሁለቴ ገዛሁት" አለችኝ እየሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

እኔም ሁለት ዓመት በላኩት ብር ባጃጅ ተገዝቷል፣ ሊብሬው በወንድሜ ስም ነው። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። አባባም ክፉ አልነበረም።

በማግስቱ ደውዬ "ስሜ ይግባበት" አልኩት። ለጊዜው ተኳርፈናል፣ ይበርድለታል። ኤንትሬው ከተሸጠም ብሩ የእምዬ ነው ብያለሁ።

እናንተስ እህቶቼ፣ በላካችሁት ብር የተገዛው ነገር ወረቀቱ ላይ የማን ስም ነው ያለው? ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ። ፈጣሪ ላገራችን በሰላም ያብቃን።