አስጠጊ አኒሞን፦ ለክላውንፊሽ የሚሆነውን መምረጥ

አስጠጊ አኒሞን፦ ክላውንፊሽ ለተባለው ዓሣ በተናዳፊ ክሮቹ መካከል መኖሪያ የሚሰጥ የባሕር እንስሳ። በእንግሊዝኛ «ሆስት አኒሞን» ይሉታል።

አኒሞን አበባ ይመስላል እንጂ ተክል አይደለም። የኮራል ዘመድ ነው፤ እግሩን ዐለት ላይ ለጥፎ ይኖራል። በክሮቹ ላይ ያሉት ጥቃቅን መንደፊያዎች ትንንሽ ዓሦችን ያደነዝዛሉ። «ፋይንዲንግ ኒሞ» በተባለው ፊልም ዓለም ያወቀውን ክላውንፊሽ ግን አይነኩትም፤ ገላውን የለበሰው ዝልግልግ ፈሳሽ መንደፊያዎቹን አይቀሰቅስም።

«ሆስት»ን «አስተናጋጅ» ብሎ መተርጎም ይቻል ነበር። አስተናጋጅ ግን የሚቀበለው መጥቶ የሚሄደውን ነው። ክላውንፊሽ ከአኒሞኑ ጋር ውሎ ያድራል፤ እንቁላሉንም የሚጥለው ከሥሩ ነው። ማደሪያ ያጣውን ቤቱ ያኖረ ሰው «አስጠጋው» ስለሚባል፣ አኒሞኑን «አስጠጊ»፣ ዓሣውን «ተጠጊ» ብለነዋል። «ጥገኛ» ከዚሁ ሥር ቢወጣም በሥነ ሕይወት የሚያኖረውን ለሚጎዳ ፍጡር የተያዘ ቃል ነው፤ ተጠጊው ዓሣ ደግሞ ውለታ መላሽ ነው። አኒሞን የሚበሉ ዓሦችን ያባርራል፤ ክንፉን እያራገበ ውሃውን ያናፍስለታል። ከሰውነቱ የሚወጣው ቆሻሻ በአኒሞኑ ሥጋ ውስጥ ለሚኖሩ አልጌዎች ማዳበሪያ ይሆናል፤ አልጌዎቹም በብርሃን ምግብ ሠርተው አኒሞኑን ያበላሉ።

በጣና ዳር የሚበቅለው ሾላም አስጠጊ ነው። በፍሬው ውስጥ የምትፈለፈለው ደቃቃ ተርብ የአበባ ዱቄት ካላመጣችለት ዘር አይዝም፤ እሷም ያለ ሾላ ልጆቿን የምታሳድግበት የላትም። እንዲህ ባለ ኑሮ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ ማወቅ ግድ ይላል።

የአኒሞኖችም ነገር እንዲሁ ነው። ከ1,000 በላይ ከሆኑት የባሕር አኒሞን ዝርያዎች ክላውንፊሽን በማስጠጋት የታወቁት 10 ያህል ብቻ ናቸው። ክላርክ የሚባለው ክላውንፊሽ ዐሥሩንም ይጠጋል፤ ማሩን የሚባለው ግን በተፈጥሮ የሚኖረው ከአንዱ ጋር ብቻ ነው፤ ከባለ ፊኛ ጫፉ አኒሞን ጋር። ለእኛ ቅርብ በሆነው በቀይ ባሕር የሚኖረው ባለ ሁለት ቀበቶ ክላውንፊሽም ይህንኑ አኒሞን ይጠጋል። ለዚህ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1830 ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እሱው ጥቂት ቆይቶ እስከ ጎንደርና ጣና ዘልቆ፣ ከትልልቆቹ የጣና ባርበስ ዓሦች አንዳንዶቹን ለሳይንስ አስተዋውቋል።

ክላውንፊሽንና አኒሞንን በገንዳ ለሚያኖር ጀማሪ የሚመከረውም ይኸው ባለ ፊኛ ጫፍ አኒሞን ነው። የኒሞ ዓይነቱ ዓሣ በባሕር ከእሱ ጋር ባይኖርም በቤት ገንዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቀበለዋል። ምንጣፍ አኒሞን የሚባሉት ንድፋቸው ብርቱ ነው፤ ሌሎች ዓሦችን ይበላሉ። ማግኒፊካ የሚባለው ውብ ቢሆንም ኃይለኛ ብርሃንና ጠንካራ የውሃ ፍሰት ይፈልጋል፤ ልምድ ለሌለው ሰው አይሆንም። ሲገዙ አፉ የተከደነ፣ እግሩ ያልተቀደደና ክሮቹ የሚጣበቁ መሆኑን ያረጋግጡ። የነጣ አኒሞን አልጌዎቹን ያጣ ነው፤ ነጭነቱን ውበት ነው ብለው አይግዙት።

በባሕር ዳር ከተማ አኒሞን ለማኖር ለሚያስብ ሰው ሦስት ነገሮች ይቅደሙ። አንደኛ፣ የጣና ውሃ ጨው አልባ ነው፤ በሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው ውህድ ይጨመርበት። የወጥ ቤት ጨው ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ስለሌለው አይተካውም። ሁለተኛ፣ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የገንዳው የላይኛው ውሃ ዘወትር ይናወጥ፤ መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋ ባለ ባትሪ ፓምፕ ይዘጋጅ። ሦስተኛ፣ ገንዳው ውሃው እስኪረጋጋ ቢያንስ 6 ወር ይቆይ፤ አኒሞን የሚኖርበትን ቦታ ፍለጋ ስለሚንቀሳቀስ የፓምፑ አፍም በወንፊት ይሸፈን።

ክላውንፊሽ በባሕር ያለ አስጠጊው አይተርፍም፤ አዳኝ በሌለበት ገንዳ ውስጥ ግን ያለ አኒሞን በደህና ይኖራል። አኒሞን ደግሞ በደንብ ከተያዘ አሥርት ዓመታት የሚኖር እንስሳ ነው፤ በብርሃን እጥረት ቀስ በቀስ ተርቦ ሲሞት ማየት ያሳዝናል። በቂ መብራትና መጠባበቂያ ኃይል ያላገኘ ሰው በገንዳ የተፈለፈሉ ጥንድ ክላውንፊሾችን ብቻ ያኑር፤ አኒሞኑ የሚመቸው ውሃ እስኪዘጋጅ በባሕሩ ይቆይ።