ከቪላው ጀርባ ያለው ሽንት ቤት

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ሰርቪስ» ሲባል የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡስ ብቻ አይደለም የሚታሰበው። ከቪላው ጀርባ፣ አጥር ተደግፎ የተሠራው ረዘም ያለ ቤትም ሰርቪስ ነው፤ ማድ ቤት፣ የሠራተኛ ክፍል፣ ዕቃ ቤት፣ ጥጉ ላይ ደግሞ አንዲት ሽንት ቤት። በዋናው ቤት ውስጥ ባለመቀመጫው፣ በሰርቪሱ እግር ማሳረፊያ ብቻ ያለው የቱርክ ሽንት ቤት። ሁለቱም ግን ግቢው ውስጥ ወደ ተቆፈረ አንድ ጉድጓድ ነበር የሚወርዱት። የአንድን ዘመን የኑሮ ደረጃ ለተማሪ ማሳየት የፈለገ መምህር፣ ከመጽሐፉ ይልቅ ይህን ግቢ ቢያስጎበኝ ይቀለዋል እላለሁ።

ውኃ ወደ ከተማዋ በቧንቧ የገባው ቀደም ብሎ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ከእንጦጦ ተዳፋት ወደ ቤተ መንግሥታቸው ውኃ ያስመጡት በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነበር። የገባው ውኃ ቆሽሾ የሚወጣበት መንገድ ግን ብዙ ቆየ። የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያና ዋናው የፍሳሽ መስመር የተሠሩት በ1970ዎቹ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ወደ ዘጠና ዓመት ይጠጋል። ንጹሕ ውኃ የሚያስመጣ ንጉሥም ሹምም ይመሰገናል፤ ቆሻሻውን ለሚያስወጣ ግን ማን ያጨበጭባል?

ከዚያ አዋጁ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተባለ። ወርኃዊ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ብዙ ሰርቪስ የራሱ ቁጥር ያለው የቀበሌ ቤት ሆነ፤ ከቪላው ጋር በግንብ ወይም በቆርቆሮ አጥር ተለየ። የሠራተኛዋ ክፍል የአንድ ቤተሰብ፣ ማድ ቤቱ የሌላው፣ ዕቃ ቤቱ የሦስተኛው መኖሪያ ሆነ። መሬት ውስጥ ያለው ጉድጓድ ግን አዋጁን አልሰማም፤ የሁለቱንም ወገን መቀበሉን ቀጠለ።

እኔ የተወለድኩት ከአዋጁ በኋላ፣ እንደዚህ ባለ ሰርቪስ ውስጥ ነው። አምስት አባወራ፣ አንድ ሽንት ቤት። ቁልፉ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ የማጽዳት ተራ በሳምንት ይዞራል። ጉድጓዱ ሲሞላ ደግሞ መምጠጫ መኪና ለማስጠራት መዋጮ አለ፤ ጠቡም ያኔ ነው። «የኛ ቤተሰብ ሦስት ሰው ነው፣ የእናንተ ዘጠኝ፤ እንዴት እኩል እናዋጣለን?» ይባላል። ኪራዩ ጥቂት ብር ስለነበር ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ በዚያው ልክ ግን ለእድሳት የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም። ማታ ሴቶች ብቻቸውን እንዳይወጡ ይሸኙ ነበር፤ የእናቴ ትልቁ ምኞት «ቤቴ ውስጥ ያለ ሽንት ቤት» እንደነበር አስታውሳለሁ። ያ ምኞት ለብዙዎች የደረሰው በኮንዶሚኒየም ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት ከእነ ፒያሳና ካዛንቺስ ብዙ የቀበሌ ቤት ሲፈርስ፣ ሰርቪሱም ሽንት ቤቱም አብረው ሄደዋል።

ይህ ሁሉ የእኛ ድህነት ብቻ ያመጣው የሚመስለው ሰው ካለ፣ የምንኖርበትን የብሩክሊን ፓርክን ታሪክ ይመልከት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የድንች እርሻው ላይ ቤት እንደ እንጉዳይ ሲፈላ፣ በየጓሮው የውኃ ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ ጎን ለጎን ነበሩ። መሬቱ አሸዋማ ነውና አንዱ ወደ ሌላው ይሰርጋል። እ.ኤ.አ. በ1959 የሚኒሶታ ጤና መሥሪያ ቤት የመንትያ ከተሞቹን ዳርቻዎች ሲመረምር፣ ከግል ጉድጓዶቹ ግማሽ ያህሉ ተበክለው ተገኙ። የፌዴራል የቤት ብድር ዋስትና ሰጪውም ከማእከላዊ መስመር ላልተገናኘ ቤት ዋስትና አልሰጥም አለ። እግር እየተንቀጠቀጠ የሄደው ያኔ ነው! እ.ኤ.አ. በ1967 የሜትሮፖሊታን ካውንስል የተቋቋመበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው የፍሳሽ ጣጣ ነበር። ዛሬ የብሩክሊን ፓርክ ፍሳሽ ሴንት ፖል ድረስ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ሥራ በጀመረው ማጣሪያ ተጣርቶ ሚሲሲፒ ይገባል።

ይህን ሁሉ ያስነሣኝ እዚሁ ሰፈር ያለ አንድ ወዳጄ ነው። በጓሮው የሠራትን ክፍል ከአገር ቤት ለሚመጡት እናቱ አሰናድቷል፤ እርሳቸው ማድ ቤት አጠገብ ያለ ሽንት ቤት አይወዱምና በጓሯቸው ይሁንልኝ ብለዋል። ልጅየው ታክሲ ነጂ ሁሉን ያውቃል ብሎ ጠየቀኝ።

ውኃ ሽቅብ አይፈስም፤ ፍሳሽማ ጨርሶ። የተለመደው ቁልቁለት በአንድ ጫማ ሩብ ኢንች ነው፤ ጓሮው ከቤቱ 40 ጫማ ቢርቅ ቱቦው 10 ኢንች መውረድ አለበት። የቤቱ መውጫ ከዚያ ከፍ ብሎ ከተገኘ ፓምፕ ሊገባ ነው። ቀጥሎ ብርዱ አለ። በዚህ አካባቢ የቤት መሠረት 42 ኢንች ይወርዳል፤ የመንገዱ የውኃ ቧንቧ ደግሞ ሰባት ጫማና ከዚያ በላይ ይቀበራል። ከሁሉ የሚረሳው ሲፎኑ ነው። አሌክሳንደር ካሚንግ እ.ኤ.አ. በ1775 ያስመዘገበው ያ ጠመዝማዛ፣ ሽታ የሚያግደው ውስጡ በሚቀረው ውኃ ነው። ክፍሏ ጥር ላይ ሳትሞቅ ካደረች ውኃው ይረጋል፤ ሸክላውም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማሞቂያው ክረምቱን ሙሉ አይጠፋም፤ የመብራት ሒሳቡንም አስቀድሞ ማስላት ነው።

የሚኒሶታ ሕግ ሰው በሚኖርበት በራሱ ቤት የቧንቧ ሥራ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ግን ፈቃድ ተወስዶ፣ ቦዩ አፈር ሳይለብስ ተቆጣጣሪ ዓይቶት ነው። ወዳጄ ማሞቂያውን ገዝቷል። ቁፋሮው መሬቱ ሲላላ፣ ሚያዝያ ላይ ይጀመራል።