የሳሪሱ ባቡር በምን ይመዘን?

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚደርሰው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። በላንቻ፣ በንፋስ ስልክና በአደይ አበባ አድርጎ ሳሪስን ያልፋል። ከምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ጋር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ አብዛኛው ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው።

ግንባታው አራት ዓመት ሳይሞላው አለቀ። በተቋራጩ መዝገብ ሥራው ተሳክቷል፤ ሐዲዱ ተነጠፈ፣ ባቡሩ ሄደ፣ ርክክቡ ተፈጸመ። ሰዉም ወደደው። ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ታክሲ ሲጠብቅ ፀሐይ ሲያከስለው ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጣጣው የመጣው ከምረቃው በኋላ ነው። 41 ባቡሮች ገብተው ነበር። መለዋወጫ የሚገዛው በዶላር፣ ትኬት የሚሸጠው በብር! በዚያ ታሪፍ እንኳን ዕዳ ሊከፈል የዕለት ወጪም አይሸፈንም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙዎቹ ባቡሮች ዴፖ ውስጥ ቆመው ቀሩ። ጥፋቱ ግን የትኬቱ መርከስ አይደለም፤ የድሃ ትራንስፖርት በየትም አገር ይደጎማል። ለጥገናው የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ከብድሩ ጋር አብሮ አለመታሰቡ ነው።

ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ ለሚለው መልሱ በ2008 ተገኝቷል። ጠዋት 1 ሰዓት ሳሪስ ጣቢያ የቆመ ሰው ስንት ደቂቃ ይጠብቃል የሚለው ግን በየዓመቱ መጠየቅ ያለበት ነው።

አጥሩስ? የደብረ ዘይትን መንገድ ለሁለት ስለከፈለው፣ ማዶ ያለ ሱቅ ለመሄድ ርቆ ዞሮ መሻገር ግድ ሆኗል። ይህን ደግሞ የሳሪስ ነጋዴ ያውቀዋል።