ኮሮጆ፣ ጣትና ማሽን

ካልፓ በሂማላያ ተራሮች ላይ የተንጠለጠለች የሕንድ መንደር ናት። በረዶው መንገዱን ሳይዘጋ ተብሎ የአካባቢው ሰው ከቀረው ሕንዳዊ ወራት ቀድሞ ድምፅ እንዲሰጥ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1951 (ከዚህ በታችም፣ ካልተገለጸ በቀር፣ የዘመን አቆጣጠሩ ይኸው ነው) ሺያም ሳራን ኔጊ የተባሉ አስተማሪ ድምፃቸውን ሰጡ። ዛሬ የነጻዪቱ ሕንድ የመጀመሪያው መራጭ እየተባሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ይህን የነጻዪቱን ሕንድ የመጀመሪያ ምርጫ የመሩት ሱኩማር ሴን የገጠማቸው ጣጣ እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አልነበረም። የተመዘገበው መራጭ 173 ሚሊዮን ነው፤ ከአምስቱ አራቱ ያህል ማንበብ አይችልም። እናም መላው ቀላል ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ዕጩ የራሱ ሣጥን፣ በሣጥኑም ላይ ሥዕል። የኮንግረስ ፓርቲ ምልክት ቀንበር የተጫነባቸው ሁለት በሬዎች ነበሩ፤ ሌላው ጎጆ፣ ሌላው የዋርካ ዓይነት ዛፍ፣ ሌላውም ኩራዝ ያዘ። መራጩ ምንም ሳይጽፍ ወረቀቱን በወደደው ሣጥን ይከታል። በ1997 ዓ.ም. የኢሕአዴግን ንብና የቅንጅትን ሁለት ጣቶች ያየ ኢትዮጵያዊ ነገሩ ባዳ አይሆንበትም።

ለዚህ ሥራ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የብረት ሣጥን ተሠራ። ከዚህ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው የወጣው በቦምቤይ ከሚገኘው የጎድሬጅ ፋብሪካ ነው።

ሴን ግን ብረት የማይፈታው ችግርም ነበረባቸው። መዝጋቢዎች ደጅ ሲያንኳኩ ብዙ ሴቶች ስማቸውን ለማያውቁት ወንድ አንናገርም አሉ፤ «የእገሌ እናት»፣ «የእገሌ ሚስት» ተብለው ተጻፉ። ሴን ይህን አልተቀበሉም። ወደ 2.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶች ከመዝገቡ ተሰረዙ። ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን ያለ ስም የተመዘገበ መራጭ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? በተከታዩ ምርጫ ብዙዎቹ በገዛ ስማቸው ይመጣሉ ብለው የቆረጡ ይመስላል።

ሣጥኑም ቀዳዳ ነበረው። ምንም የማይጻፍበትን ወረቀት መራጩ ወደ ሣጥኑ ሳይከት በኪሱ ይዞት ሊወጣ፣ ደጅ ላይ ለሚጠብቀው ገዢም ሊሸጠው ይችላል። ስለዚህ ከሁለተኛው ምርጫ በኋላ የዕጩዎቹ ስምና ምልክት በአንድ ወረቀት ላይ ታትሞ ማኅተም የሚመታበት አሠራር ተተካ። ሁለት ጊዜ የሚመርጠውን ደግሞ ጣቱ ያጋልጠው ጀመር። ከ1962 ወዲህ ቀለሙን የሚያቀርበው የማይሶር ማሃራጃ በ1937 ያቋቋመው የቀለም ፋብሪካ ነው። በውስጡ ያለው ሲልቨር ናይትሬት ከቆዳ ጋር ተዋህዶ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ሳሙና አያስለቅቀውም፣ ቆዳው ራሱ እስኪታደስ መጠበቅ ነው።

ቀለሙ የሚይዘው ተንኮለኛውን ነው እንጂ ጉልበተኛውን አይደለም። በተለይ በቢሃር ግዛት መሣሪያ የያዙ ሰዎች ምርጫ ጣቢያውን ወርረው፣ መራጩን አባርረው፣ የቀረውን ወረቀት ማኅተም እየመቱ ይከቱት ነበር። የኛ ሰው ይህን ኮሮጆ መገልበጥ ይለዋል። አንድ ጥቅል ወረቀት መምታት ደግሞ ጊዜ አይፈጅም።

የኤሌክትሮኒክ ድምፅ መስጫ ማሽኑ የመጣው በዚህ መሀል ነው። በ1982 በኬረላ ግዛት በፓራቩር የምርጫ ክልል በ50 ጣቢያዎች ተሞከረ። ዕጩው ሲቫን ፒላይ ገና ከምርጫው በፊት ማሽኑን ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፤ ሆኖም በ123 ድምፅ አሸነፉ። ያኔ ከሳሽነቱ ወደ ተሸናፊው ኤ. ሲ. ጆዝ ዞረ! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 ሕጉ የሚያውቀው ወረቀት ብቻ ነው ብሎ በ50ዎቹ ጣቢያዎች ምርጫው እንዲደገም አዘዘ፤ በድጋሚው ጆዝ አሸነፉ። ማሽኑን ሕጋዊ ያደረገው ማሻሻያ የጸናው በ1989 ሲሆን፣ ምርጫ ጣቢያ መውረርን ወንጀል ያደረገውም ይኸው ማሻሻያ ነው። በ2004 የፓርላማው 543 መቀመጫዎች በሙሉ በማሽን ተመረጡ።

የማሽኑ ብልሃት ፍጥነቱ ላይ ሳይሆን ዝግታው ላይ ነው። በደቂቃ ከአራት ያህል ድምፅ በላይ አይቀበልም። ወራሪው ግማሽ ሰዓት ቢቆይ የሚሰርቀው መቶ ሃያ ድምፅ ነው፤ የጣቢያው ኃላፊ መዝጊያውን ቁልፍ ከተጫነ ደግሞ ያም ይቀራል። ከኢንተርኔትም ጋር አይገናኝም።

ይሁንና ወረቀትን ማንም ታዛቢ ቆሞ ይቆጥረዋል፤ በማሽን ሆድ ውስጥ ያለውን ግን መሐንዲስ ካልሆነ ማን ያየዋል? የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2009 የአገሩን የምርጫ ማሽኖች የጣለው ይህንኑ ጠይቆ ነው። በ2010 ሃሪ ፕራሳድ የተባለው የሃይደራባድ ባለሙያ ከሁለት የውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ፣ የማሽኑን የውጤት ማሳያ በሞባይል በሚታዘዝ ሌላ ክፍል ቀይሮ ውጤቱ ሊጣመም እንደሚችል አሳየ። ማሽኑን ከየት አመጣኸው ተብሎ ታሰረ። የጥያቄው ዓይነት ራሱ ባለሥልጣናቱን ያስጨነቃቸው ምን እንደነበር ይናገራል።

በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወረቀት ተመልሶ እንዲመጣ አዘዘ። አሁን መራጩ ቁልፉን ሲጫን ከመስታወት በስተጀርባ የመረጠውን ምልክት የያዘች ቁራጭ ወረቀት ለሰባት ሰከንድ ትታየውና ወደታሸገ ሣጥን ትወድቃለች። ሁሉም ወረቀቶች ይቆጠሩልን ያሉ ከሳሾች ግን በኤፕሪል 2024 ተረቱ።

ኔጊ ይህን ሁሉ አይተዋል። ሣጥኑንም፣ ማኅተሙንም፣ ማሽኑንም ተጠቅመዋል። በኖቬምበር 2022 መጀመሪያ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸው ከቤት መውጣት ሲያቅታቸው፣ የምርጫ ሠራተኞች ካልፓ ድረስ ሄደው በወረቀት አስመረጧቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ዐረፉ።