ራምቦ ካሜራውን ሸጦ አንኮበር ገባ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ካሜራዬን ሸጬ ሚረርለስ ልገዛ ነው። ሌንሶቹንም፣ ባትሪውንም፣ ቦርሳውንም አንድ ላይ የሚወስድ ሰው አግኝቻለሁ። ምን ይመስልዎታል?»

ልጁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠርግና ምርቃት እያነሳ ነው የሚተዳደረው። በእጁ ያለው ካኖን 700ዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ። ሊገዛ ያሰበው ደግሞ ያገለገለ ካኖን አር6። በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ አልሆነልኝም። ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ነገሩን ከአንኮበር ካልጀመርኩ አይጥመኝም። ሌሎቻችሁም ስለምትጠይቁኝ እዚሁ ልለጥፈው ብያለሁ። ይረዝማል፤ ቡናችሁን አስቀርቡ።

እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ሊዋዋል ሸዋ ሲገባ ፎቶግራፍ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር። ፈረንሳዊው ዳጌር በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ምስል የሚያስቀርበት ዘዴ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1839 ነው። ከሃሪስ ጋር ግን ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር። የዚያን ዘመን አንኮበር ዛሬ በዓይናችን የምናየው በርናትዝ በእጁ ስለሳለው ነው። ጥሩ እጅ ነበረው፣ እግዜር ይስጠው። ሥዕል ግን ሠዓሊው ያላስተዋለውን አይዝም። ፎቶ ደግሞ አንሺው ሳያየው ጥግ ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ ይዞ ይቀራል።

በኛ አካባቢ ካሜራ ይዘው ከተንቀሳቀሱት ቀደምት ሰዎች አንዱ ማን መሰላችሁ? ሐረር ስትሄዱ «ራምቦ ቤት» እያላችሁ የምትጎበኙለት ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ። ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነጋዴ ሆኖ ነው የመጣው። ካሜራውን ከነዕቃው ከፈረንሳይ፣ ከሊዮን ከተማ አስመጣ፤ ከ1,800 ፍራንክ በላይ ወጣበት። እ.ኤ.አ. በሜይ 1883 ከሐረር ራሱን ያነሳቸውን ሦስት ፎቶዎች ለቤተሰቡ ላከ። አብሮ በላከው ደብዳቤም ፎቶዎቹ የነጡት የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ይላል። ካሜራው አዲስ፣ ሌንሱ አዲስ፣ ያበላሸው ውሃው! ይህን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በኤፕሪል 1885 ከኤደን በጻፈው ደብዳቤ፣ ካሜራውን መሸጡን ነገራቸው። በጣም እያዘነ ነው የሸጠው፤ ግን አልከሰርኩም ይላል። ያገለገለ ካሜራ ሳይከስር የሸጠ ሰው ከእሱ ሌላ አላውቅም። ከዚያስ? በፌብሩዋሪ 1887 ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ፣ ከታጁራ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ገባ። ምኒልክ ለሐረር ዘመቻ ሄደው ገና አልተመለሱም፤ ስለዚህ ወደ እንጦጦ ቀጠለ። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ በሚዞርበት በዚያ ወቅት፣ የድሮዋ የሸዋ መዲና ሳትፈዝ በራምቦ ዓይን ልትቀርልን ትችል ነበር። ጠመንጃው አለ፤ ካሜራው የለም።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የራሴው ጉድ ነው። ዜኒት የምትባል የሶቪየት ካሜራ ነበረችኝ፤ ድንጋይ የምታህል፣ ስትተኩስ በር የተዘጋ የሚመስል ድምፅ ያላት፣ ሄሊዮስ የሚባል 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ የተገጠመላት። በአንድ ፊልም 36 ፎቶ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ አዲስ አበባ እልካለሁ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። በ1994 ዓ.ም. የታሪክ ክበብ ልጆችን ይዤ አንኮበር የወጣን ጊዜ ያነሳኋችሁ በእሷ ነው። በ2003 ዓ.ም. ዲጂታል ስገዛ ዜኒቷን ከነሌንሷ፣ ከነቆዳ ቦርሳዋ ሸጥኳት። ከወር በኋላ ነው ድንገት ሌሊት የነቃሁት፦ የአንኮበሩ ጉዞ ነጋቲቭ በቦርሳዋ የጎን ኪስ ውስጥ ነበር። ገዢው ከከተማው ለቋል፣ ስልኩም አይሠራም። እኔ እንደ ራምቦ «አልከሰርኩም» ማለት አልችልም።

እንግዲህ ልጄ፣ መጀመሪያ ቦርሳውን ፈትሽ። ካርዶቹን አውጣ። ያንን ሳታደርግ ማንም ጋር እንዳትጨባበጥ።

ሁለተኛው የሌንሱ ነገር ነው፤ ይኼም የራሱ ታሪክ አለው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 ኢኤፍ የተባለውን የሌንስ ማያያዣ ሲያመጣ የቀድሞውን ኤፍዲ ጥሎት ሄደ። በላባቸው ኤፍዲ ሌንስ ያጠራቀሙ ባለሙያዎች አዲሱ ካሜራ ላይ እንደ ድሮው ሊሠሩባቸው አልቻሉም፤ ብዙ ሰው ያኔ ተቀይሟል። ኒኮን ግን የ1959ኙን ማያያዣ ይዞ ዘለቀ። በ2018 ሁለቱም ሙሉ ፍሬም ሚረርለስ ሲያወጡ ማያያዣ ቀየሩ። ሚረርለስ ማለት በስሙ እንደሚገባህ መስታወቱ የወጣለት ነው፤ በአንተ 700ዲ ውስጥ ብርሃኑን ወደ ዓይንህ የሚያዞረው፣ ስትተኩስ ቀጭ ብሎ የሚነሳው መስታወት። እሱ ሲወጣ ሌንሱ ወደ ሴንሰሩ መጠጋት ቻለ፣ ማያያዣውም ተቀየረ። በዚህኛው ዙር ግን የ1987ቱን ቅያሜ ስላልረሱት ይመስለኛል፣ አዳፕተር አብረው አወጡ። የካኖኑ አዳፕተር የድሮውን ኢኤፍ ሌንስ ከነአውቶፎከሱ ያሠራዋል። የኒኮን ልጆች ግን ተጠንቀቁ፦ በውስጣቸው ሞተር የሌላቸው የድሮ ሌንሶች በኒኮን አዳፕተር ላይ ይገጥማሉ እንጂ አውቶፎከስ የላቸውም፤ በእጅ ነው የምታሽከረክሩት።

ስለዚህ ሌንስህን ሁሉ ከቦዲው ጋር አትሽጥ። ያቺ 50 ሚሊ ሜትሯ ትቅር። 18-55ቷ ግን ትሂድ፤ ምክንያቱን ልንገርህ። እሷ የተሠራችው ለትንሹ ሴንሰር ነው። አር6 ላይ በአዳፕተር ስትገጥማት ካሜራው ጠርዙን ቆርጦ መሀሉን ብቻ ይወስዳል፤ 20 ሜጋፒክስሉ ወደ 8 ገደማ ይወርዳል። ከ700ዲህ 18 ሜጋፒክስል በታች ማለት ነው! «ካሜራ ቀይሬ ፎቶዬ ባሰበት» ብሎ ያማረረልኝ ሰው አጋጥሞኛል፤ ነገሩ ይኸው ነበር። 50ዋም ብትሆን ጠባይዋ ይለወጣል። 700ዲ ላይ 80 ሆና ነበር የምታየው፤ አር6 ላይ እውነተኛ 50 ትሆናለች። ሙሽራዋ የራቀችብህ ይመስልሃል። አልራቀችም፤ አንተ ሁለት እርምጃ ቅረብ።

አሁን ወደሚያስደስትህ ልምጣ። የከተማችን ስም ራሱ የብርሃን ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በሰማይ ብርሃን ታይቶ ቦታውን ደብረ ብርሃን እንዳሉት ይነገራል፤ አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ያ ብርሃን በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል ይላሉ። (የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴም ስሙ ከእኛው የመጣ ነው፤ የጎንደር ልጆች አትቆጡ።) ፎቶግራፍ የሚለው የግሪክ ቃልም በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። የአንተ ችግር ግን ብርሃኑ በማይገኝበት ሰዓት መሥራትህ ነው፦ የሌሊት ማኅሌት፣ የቁርባን ሠርግ፣ አምፖሉ ግማሹ የተቃጠለ አዳራሽ። 700ዲ ላይ አይኤስኦ 3200 ስታልፍ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። አር6 ላይ 6400ን ያለ ስጋት ትሠራለህ፤ 12800ም ለአልበም ይበቃል። ከሁሉ በላይ የምትደነቀው በዚህ ነው። አውቶፎከሱም ከ9 ነጥብ ወደ ዓይን ፍለጋ ይገባል፤ ሙሽራው ቢዞር፣ ቢጨፍር ዓይኑን ተከትሎ ይሄዳል። የወፍ ዓይንም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተገኘችውን፣ የአንኮበርን ስም ይዛ የቀረችውን ትንሿን ወፍ ገደሉ አፋፍ ላይ መሞከር ያምረኛል።

ድምፅ አልባው መዝጊያ ለቤተ ክርስቲያን ትልቅ ነገር ነው። ካህናቱን «ቀጭ ቀጭ» እያልክ አትረብሽም። ግን ሁለት ነገር እወቅ፦ በኤልኢዲና በፍሎረሰንት መብራት ሥር ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር መስመር ሊያወጣብህ ይችላል፤ ፍላሽም በዚያ አሠራር አይበራም። ከሠርጉ ቀን በፊት ሄደህ ሞክረው።

መመልከቻው ደግሞ መስታወት ሳይሆን ትንሽ ቴሌቪዥን ነው። ፎቶው ምን ያህል እንደሚጨልም ሳትተኩስ ታየዋለህ፤ ለጀማሪ በረከት ነው። ዋጋው ባትሪ ነው። 700ዲ ዓይንህን አስጠግተህ ስትጠብቅ ምንም አይበላም፣ አር6 ግን ባየህ ቁጥር ይበላል። የድሮው ባትሪህ አይገባለትም፣ ሁለት ሦስት መግዛትህ ነው። የኛን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ታውቀዋለህ፦ ትርፉን ባትሪ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ደረት ኪስህ ውስጥ አድርገው። መስታወቱ ስለሌለ ሌንስ ስትቀይር ሴንሰሩ አቧራ ፊት ነው የሚቀመጠው። ገብስ በሚወቃበት ሰሞን አውድማ አጠገብ ሌንስ አትቀይር፣ አደራ።

ውሃውን አስታወስከው? የራምቦን ውሃ? የአንተ ውሃ ኮምፒውተርህ ነው። 700ዲ የሚጽፈው የሮው ፋይል ሲአር2 ነው፤ አር6 ሲአር3። ያንተ ላይትሩም 6 የቆመው ሲአር3 ሳይመጣ በፊት ስለሆነ አይከፍተውም። ገዝተህ ማሻሻል አለብህ፣ ካልሆነ አዶቢ በነፃ በሚሰጠው መቀየሪያ ፋይሉን ወደ ዲኤንጂ ማዞር። በዚያ ላይ በሴኮንድ 12 ፎቶ የሚተኩስ ካሜራ ይዘህ እስክስታ ላይ ጣትህን ማንሳት ያቅትሃል፤ 1,500 ይዘህ የምትመለስበት ሠርግ 5,000 ይሆናል። ማን ሊመርጠው? የት ሊቀመጥ? ከካሜራው ገንዘብ ላይ ለአዳፕተር፣ ለባትሪና ለሁለት ሀርድ ዲስክ ካልቀነስክ ባትገዛው ይሻላል። ሁለት ያልኩት አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲቀር ነው። አር6 ሁለት ካርድ ይይዛል፣ በሁለቱም ላይ እኩል እንዲጽፍ አድርገው፤ የሰው ሠርግ አይደገምም።

እውነቱን ልንገርህ፣ በቀን ብርሃን ደጅ የተነሳ፣ ስልክ ላይ የሚታይ ፎቶ ከሆነ ደንበኛህ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያይም። ሥራህ ሁሉ እንደዚያ ከሆነ 700ዲውን ያዝ፣ ገንዘቡን ለሌንስ አውለው። የማኅሌትና የአዳራሽ ሥራህ በዝቶ ከሆነ ግን ቀይር፤ በእኔ በኩል መርቄሃለሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ልጨርስ። በ1994ቱ ጉዞ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኮረብታ ላይ፣ ከቀረችው ግንብ አጠገብ ተደርድራችሁ ያነሳኋችሁ ፎቶ ነበር። ጉም ከቆላ ወደ ላይ እየወጣ ግማሾቻችሁን ሸፍኗችኋል፤ ከኋላ አንድ በጎች የሚነዳ የማናውቀው ልጅ ቆሞ ያየናል። ያኔ አሳጥቤ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ሰጥቻችኋለሁ፤ የራሴን አንድ ሰው አይቶ ሊመልስ ወስዶ ቀረ። በእናታችሁ አልበም ውስጥ፣ ቡፌ ላይ፣ የትም ቢሆን ያለው ሰው በስልኩ አንስቶ ይላክልኝ። ፍላሹን አጥፉት፣ መስኮት አጠገብ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡት፣ በዋትሳፕ ሳይሆን በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። የጀርባውንም አንሱት፣ ስማችሁን ጽፌበት ነበር።