የግብር ከፋይ ጥያቄ

ከወግዲ ዳር ቆሞ የዓባይን ሸለቆ ለሚመለከት ሰው ከማዶ የሚታየው አገር ጎጃም ነው። በ1960 ዓ.ም. የግብር ነገር ደም ያፋሰሰው በዚያ ነበር።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥት ገንዘብ በዓመቱ በጀት መሠረት ብቻ እንዲወጣ አዝዞ ነበር። የ1948ቱ ደግሞ ግብር ያለ ሕግ እንዳይጣል ከልክሎ፣ ዋናው ኦዲተር ለንጉሠ ነገሥቱና ለፓርላማው ሒሳቡን እንዲያስታውቅ ወሰነ። መልካም ቃል ነበር፤ ዳሩ ግን ሒሳቡ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ከባላገሩ ደጅ አልደረሰም።

ባላገሩ የሚያውቀው መንግሥት ገማቹ ነበር፤ ከማሳው ዳር ቆሞ ያልታጨደውን እህል በዓይኑ እየለካ አሥራት ይቈርጥበት የነበረ ሰው። ስለዚህ በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን ቢሽርም እንኳ (ሽረቱ በእኔ አስተያየት የሚመሰገን ነው) የጎጃም ገበሬ አላመነውም። ከገቢ ግማቱ በስተኋላ የመሬት ልኬት ይመጣል፣ ርስቴም ይነካል ብሎ ሠጋ። በጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ አስተዳደርም አስቀድሞ ተማርሮ ነበርና ገማቾቹን መለሰ፤ መሣሪያም አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ መንደሮችም ከአውሮፕላን ተደበደቡ። በመጨረሻ እንደራሴው ከሥፍራቸው ተነሡ፤ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብርም ለጎጃም ተማረ።