የድሮውን ጌምቦይ በኮምፒዩተር ለመጫወት የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ ጌምቦይ የተባለውን በእጅ የሚያዝ የጌም መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ጌምቦይ አድቫንስን ደግሞ በ2001 ለገበያ ማቅረቡ ይታወሳል። ሁለተኛው ብቻውን ከ81 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ዛሬ ሁለቱም አይመረቱም፤ ካርትሪጆቻቸውም እያረጁ ነው። በብዙዎቹ የቀድሞ ካርትሪጆች ውስጥ ተጫዋቹ የደረሰበትን ደረጃ የምታቆየው የሰዓት ባትሪ የምትመስል ትንሽ ባትሪ ናት። እሷ ስታልቅ ለወራት የተደከመበት ጨዋታ አብሮ ይጠፋል።

እነዚህን ጨዋታዎች በኮምፒዩተር ወይም በሞባይል ለመጫወት የሚያስችለው ሶፍትዌር ኢሙሌተር ይባላል። ሥራው የመሣሪያውን ፕሮሰሰር፣ ስክሪንና ድምፅ አስመስሎ መሥራት ነው። ብዙ ሰዎች “ፈጣኑ የቱ ነው?” ብለው ይጠይቁኛል። የጌምቦይ አድቫንስ ፕሮሰሰር ፍጥነት ግን 16.78 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ የዛሬ ኮምፒዩተር ሁሉ ያለችግር ይሸከመዋል። እኔ ስመርጥ የማያቸው ነገሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ታማኝነት ነው፤ ማለትም ሶፍትዌሩ መሣሪያውን ምን ያህል በትክክል ያስመስላል? እ.ኤ.አ. በ2004 ለጌምቦይ አድቫንስ የወጡት “ክላሲክ ኤንኢኤስ” የተሰኙ ጨዋታዎች ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ናቸው። ጨዋታዎቹ በእውነተኛው መሣሪያ ላይ መሆናቸውን የሚያጣሩበት ዘዴ ስላላቸው፣ በደንብ ባልተሠራ ኢሙሌተር ላይ የስህተት መልእክት አሳይተው ይቆማሉ።

ሁለተኛው ሶፍትዌሩ አሁንም የሚያድሰው ባለሙያ ያለው መሆኑ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስመ ጥር የነበረው ቪዥዋልቦይአድቫንስ በመጀመሪያ ሠሪዎቹ መታደሱን ካቆመ ረጅም ዓመታት ተቆጥረዋል። አሮጌው ቅጂ ግን ዛሬም በየድረ ገጹ ይገኛል። የሚፈልገው ሰው ተተኪውን ቪቢኤ-ኤምን ቢወስድ ይመረጣል። ማንኛውንም ኢሙሌተር ከሠሪዎቹ ድረ ገጽ ብቻ ዳውንሎድ ያድርጉ።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ የማስቀድመው የሴቭ ጉዳይ ነው። ኢሙሌተሮች ሁለት ዓይነት ሴቭ አላቸው። “ሴቭ ስቴት” የሚባለው የኢሙሌተሩን የዚያች ቅጽበት ይዞታ እንዳለ የሚገለብጥ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በሌላ ኢሙሌተር አይከፈትም። ከጨዋታው ሜኑ ውስጥ የሚደረገው ሴቭ ግን ካርትሪጁ ራሱ የሚይዘው ዓይነት በመሆኑ ከአንዱ ኢሙሌተር ወደ ሌላው ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ሴቭ ስቴትን የምጠቀመው ከባድ ቦታ ላይ ስደርስ ብቻ ነው። ጨዋታውን ስዘጋ ሁልጊዜ ከሜኑው ሴቭ አደርጋለሁ፤ ፋይሉንም ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ።

ይህን የምለው ኢሙሌተር ራሱ በአንድ ቀን ሊጠፋ ስለሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሶኒ ኮኔክቲክስ የተባለውን ኢሙሌተር ሠሪ በከሰሰበት ጉዳይ ለኮኔክቲክስ ፈርዷል። ሆኖም በ2024 ኒንቴንዶ የከሰሳቸው የዩዙ ኢሙሌተር ሠሪዎች 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ሥራቸውን አቁመዋል። የ3ዲኤስ ኢሙሌተር የሆነው ሲትራም አብሮ ተዘግቷል። ጨዋታውን ከኢንተርኔት መቅዳት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መሣሪያው ከገበያ ቢወጣም የጨዋታው የቅጂ መብት የባለቤቱ እንደሆነ ይቀጥላል።

በሦስቱም መመዘኛዎች ለጌምቦይ አድቫንስ የምመርጠው ኤምጂቢኤን ነው። ነፃ ነው፣ የፕሮግራም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፣ የቀድሞዎቹን የጌምቦይ ጨዋታዎችም ይከፍታል። ለኒንቴንዶ ዲኤስ ሜሎንዲኤስን፣ ለሶኒ ፒኤስፒ ደግሞ ፒፒኤስኤስፒፒን እመክራለሁ።

በመጨረሻም፣ አሮጌ ካርትሪጅ በመሳቢያ ውስጥ ያለዎት አንባቢ ባትሪውን ለማስቀየር አይቸኩሉ። ባትሪው ሲነቀል ሴቩ ይጠፋልና። ካርትሪጅን በዩኤስቢ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኙ ትናንሽ መሣሪያዎች ስላሉ፣ አስቀድመው ሴቩን ይገልብጡ፤ ከዚያ ባትሪውን ያስቀይሩ። የተገለበጠውን ሴቭ በኢሙሌተሩ ከፍተው ካቆሙበት መቀጠል ይችላሉ።